ሦስተኛው ሰው

በየአገሩ ከመንገድ መሥሪያ ቤቶች ደጅ የማይጠፋ አንድ ዓይነት ነጋዴ አለ። ይዞት የሚመጣው ፈሳሽ በጀሪካን የታሸገ ነው። ጥቂት ሊትር በቦቴ ውሃ ይበጠበጣል፣ በአፈር ላይ ይረጫል፣ ግሬደር ያገላብጠዋል፣ ሮለር ይጠቀጥቀዋል፤ አለቀ። ከሩቅ ካባ ጠጠር ማመላለስ ቀረ፣ ሲሚንቶ ቀረ፣ ወጪው በግማሽ ወረደ። ነጋዴው ለዚህ ሁሉ ቪዲዮ አለው፤ የተጫነ ገልባጭ መኪና በታከመው አፈር ላይ ሲያልፍ የጎማ ዱካ እንኳ አይታይም። ከሌላ አገር ባለሥልጣን የተጻፈ የምስጋና ደብዳቤም አያጣም። ከጠረጴዛው ማዶ ያለው መሐንዲስ ግን ጭንቅ ውስጥ ነው። «አልገዛም» ቢል ለአገር የሚበጅ ቴክኖሎጂ አባረረ ይባላል። «እሺ» ብሎ መንገዱ ቢፈርስ ደግሞ የሕዝብ ገንዘብ በተነ ይባላል። ቪዲዮውም ደብዳቤውም ለየትኛውም ውሳኔ አይረዱትም።

መሐንዲሱን የያዘው የዕውቀት ማነስ አይደለም፤ ጊዜ ነው። መንገድ ሪባን በተቆረጠበት ቀን ሁሌም ያምራል። ድክመቱ የሚታየው ሦስትና አራት ክረምት ካለፈ በኋላ ነው። ያኔ ሻጩ ሌላ ገበያ ሄዷል፣ ውሉን የፈረመው ኃላፊ ተዛውሯል፣ የተቋራጩም የዋስትና ጊዜ አልፏል። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን የሚያጣራ ሰው ቢገኝ እንኳ ተጠያቂው ብዙ ነው። ቦዩ ተደፍኖ ነበር፤ መኪናው ከልክ በላይ ጭኖ ነበር፤ ሮለሩ በቂ ጊዜ አልተመላለሰም። ምርቱ ከሁሉም መሀል ሹልክ ብሎ ይወጣል። የተገላቢጦሹም እውነት ነው፤ መንገዱ ሳይፈርስ ቢቆይ ምክንያቱ ፈሳሹ ይሁን፣ ጥቂት መኪና ስላለፈበት ይሁን፣ ከሥሩ ያለው አፈር ድሮም ጥሩ ስለነበረ ይሁን የሚያውቅ የለም። አንድ መንገድ ብቻውን ምንም አይመሰክርም።

ሻጩም ቢሆን የራሱ ብሶት አለው፤ ብሶቱም ተራ አይደለም። የጨረታ ሰነድ የሚያውቀው ድንጋይን፣ ኖራን፣ ሲሚንቶንና ሬንጅን ነው። ለእነዚህ የመመዘኛ ደረጃ አለ፤ ላብራቶሪው የሚለካውን ያውቃል። አዲሱ ምርት በስፔሲፊኬሽኑ ውስጥ ቦታ የለውም፣ ስለሌለውም አይገዛም፤ ስለማይገዛም መንገድ ላይ ውሎ አይታይም፤ ስላልታየም ስፔሲፊኬሽን አይጻፍለትም። ብዙ ጥሩ ሐሳብ በዚህ አዙሪት ውስጥ ቀርቷል ብዬ አምናለሁ፤ የቀረ ነገር አይቆጠርምና ስንት እንደሆነ መናገር ግን አይቻልም።

ለዚህ መላ የዘየዱት መጀመሪያ ቤት ሠሪዎች ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈረንሳይ የፈራረሱ ከተሞቿን በፍጥነት ማነጽ ነበረባት፤ በየቀኑ የማይታወቅ ግድግዳና ጣሪያ የሚያቀርብ አምራች ይመጣ ነበር። ደረጃ ያልወጣለትን ምርት በገለልተኛ ወገን ፈትሾ ለታሰበለት ሥራ መብቃቱን የሚመሰክር «አግሬማ» የተባለ ሥርዓት ከዚያ ተወለደ። ብሪታንያ በ1966 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ተመሳሳይ ቦርድ አቋቋመች፣ ደቡብ አፍሪካ በ1969። ሥርዓቱ ቆየት ብሎ ወደ መንገድ ተሻገረ፤ የደቡብ አፍሪካው ተቋም ዛሬ ጉድጓድ መድፈኛ ቀዝቃዛ አስፋልትንና ስስ የአስፋልት ልባሶችን ሳይቀር ይፈትሻል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሻጭም ገዢም ያልሆነ ሦስተኛ ሰው ይፍረድ። ይህ ሦስተኛ ሰው በምን እንደሚፈርድ ግን ረጅም ታሪክ አለው።

ከጀሪካኑ እንጀምር። የቴክሳስ ምድር ሰፊ ክፍል በእኛ መረሬ የሚመስል፣ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ ሰው እግሩን የሚያስገባ ስንጥቅ የሚፈጥር ሸክላ አፈር ነው። የክፍለ ሀገሩ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የፈሳሽ ማጠንከሪያ ሻጮች ስለበዙበት ነገሩን ለቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰጠ። ተመራማሪዎቹ በገበያ ላይ ካሉት ሦስት ወገኖች አንድ አንድ ወሰዱ፤ አንዱ በኤሌክትሪክ ሙል የሚሠራ፣ አንዱ ፖሊመር፣ ሦስተኛው ኢንዛይም። አምስት ዓይነት ሸክላ አዘጋጁ፤ ሦስቱ የማዕድን ይዘታቸው በውል የሚታወቅ ንጹሕ ሸክላዎች፣ ሁለቱ ከቴክሳስ መሬት የተቆፈሩ። ሻጮቹ በሚያዙት መጠን አክመው እብጠቱን፣ ጥንካሬውን፣ የመጠቅጠቅ ባሕርዩን፣ የጭቃነት ወሰኑን ለኩ። ውጤቱ በ2002 ታተመ። በታዘዘው መጠን ከሦስቱ አንዱም በአፈሮቹ ላይ ወጥና ጉልህ ለውጥ አላሳየም።

እዚህ ላይ መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ቪዲዮው ውሸት አልነበረም። መኪናው በእርግጥ አልፏል፣ ዱካም አልተወም። ምስጢሩ ያለው የቴክሳሶቹ ሥራ ውስጥ ብዙ አንባቢ ዘሎት በሚያልፈው ክፍል ነው። ለእያንዳንዱ የታከመ ናሙና አንድ ያልታከመ ናሙና ነበረ፤ ያው አፈር፣ ያው የውሃ መጠን፣ ያው መደባለቅ፣ ያው መጠቅጠቅ፣ ያው የማቆያ ጊዜ። የጎደለው ፈሳሹ ብቻ ነው። በመንገድ ላይ በፈሳሽ የሚታከም አፈር ከፈሳሹ ሌላ ብዙ በጎ ነገር ይደረግለታል፦ ይቆፈራል፣ ይፈረካከሳል፣ ውሃው ይመጠናል፣ ሻጩ ቆሞ እያየ በትጋት ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ ለቀናት በፀሐይ ይደርቃል። በዚህ መልክ የተንከባከቡት ሸክላ ያለ አንዳች መድኃኒት ድንጋይ ይመስላል። የገጠር ሰው ከጭቃ ግድግዳ አቁሞ የሚኖረው ይህን ስለሚያውቅ ነው። ገልባጭ መኪናውን የተሸከመው የደረቀው ሸክላ ነበር፤ ምስጋናውን የወሰደው ግን ፈሳሹ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ሲረጥብስ የሚል ይሆናል። የመንገድ ላብራቶሪዎች ከካሊፎርኒያ የወረሱት ሲቢአር የተባለ ሙከራ አለ፤ የተጠቀጠቀ አፈር በብረት ሻጋታ ውስጥ አራት ቀን ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ ብረት ይጫንበትና አቅሙ ከተፈጨ ጥሩ ድንጋይ ጋር በመቶኛ ይነጻጸራል። መረሬ አፈር ሳይዘፈዘፍ የሚያኮራ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል፤ ተዘፍዝፎ ግን ብዙ ጊዜ ከ3 በመቶ በታች ይወርዳል። የተዘፈዘፈውን ውጤት አሳየኝ ተብሎ የተጠየቀ ሻጭ የደረቀውን ሰንጠረዥ አውጥቶ ሲያብራራ ማየት የተለመደ ነው። በቅሎ አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ እንደሚባለው። ልምድ ያለው ገምጋሚ በሻጩ ሰነድ ውስጥ መጀመሪያ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ናሙናው ተዘፍዝፎ ነበር ወይ፣ ያልታከመው መንትያስ የት አለ?

የቴክሳሱ ውጤት ግን ለሁሉም ፈሳሽ የተጻፈ የሞት ፍርድ ተደርጎ እንዳይነበብ። በ2005 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሁለት ኢንዛይሞችን በሁለት አፈሮች ላይ ሲሞክሩ ውጤቱ ከአፈር አፈር ተለያየ፤ አንዱ አፈር ላይ የረባው ሌላው ላይ አልረባም። የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎችም ከነዳጅ ተዋጽኦ የሚሠሩ ፈሳሾችን ለዓመታት ሲያጠኑ የደረሱበት ይኸው ነው፤ የሚሠሩት በተወሰነ የሸክላ ማዕድን ላይ ነው፣ ያም አፈሩ ቀድሞ በላብራቶሪ ከታየ ብቻ። እንግዲህ ሐቀኛ ግምገማ ስለ ምርቱ «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» አይልም። ከዚህ አፈር ጋር፣ በዚህ መጠን፣ በዚህ እርጥበት እንዲህ ሆነ ይላል። ሻጮችን የሚያናድዳቸውም ይህ ነው መሰለኝ፤ ጀሪካን በየአገሩ የሚሸጠው አፈር በየአገሩ አንድ ነው በሚል ተስፋ ነውና።

ላብራቶሪ የማይነግረን ደግሞ አለ። መንገድ በአንድ ትልቅ ክብደት አይሞትም፤ በሚሊዮን ትንንሽ ምቶች ነው የሚሞተው። ይህን ለመለካት ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ የገነነው አሜሪካ ውስጥ፣ በኢሊኖይ ክፍለ ሀገር ኦታዋ ከተባለች ከተማ አጠገብ የተካሄደው የአሾ የመንገድ ሙከራ ነው። አሾ የተባለው የክፍለ ሀገራቱ የመንገድ ባለሥልጣናት ማኅበር ወጪውን አስተባበረ፤ ሥራውን እንዲመራ የተደረገው ግን የብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚው የመንገድ ምርምር ቦርድ ነበር። ይህ የአጋጣሚ ነገር አልነበረም። በዚያን ዘመን የከባድ መኪና ባለንብረቶችና የክፍለ ሀገር መንግሥታት ከባድ መኪና መንገድን ምን ያህል ይጎዳል፣ ስንትስ ግብር ይክፈል በሚለው ላይ ተፋጥጠው ነበርና ከሁለቱ በአንዱ እጅ የወጣ ቁጥር ሌላው አይቀበለውም።

ስድስት ዙር ጥምጥም መንገድ ተሠራ። በውስጣቸው 836 የተለያዩ ክፍሎች ነበሩ፤ የአስፋልቱ ውፍረት፣ ከሥሩ ያለው የቤዝ ውፍረት፣ የኮንክሪቱ ውፍረት ከክፍል ክፍል ይለያያል። አንደኛው ዙር ላይ አንድም መኪና አልተነዳም፤ አየሩ ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ለማየት ባዶውን ተተወ። በሌሎቹ ላይ ከጥቅምት 1958 እስከ ኅዳር 1960 የአሜሪካ ጦር ወታደሮች በቀን ከ18 ሰዓት በላይ ከባድ መኪና ሲያመላልሱ ከረሙ። ሥራው ሲዘጋ ከ1 ሚሊዮን 100 ሺህ በላይ የአክስል ጭነት አልፎ ነበር፤ ወጪው 27 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። ለሁለት ዓመት ዙሪያ ጥምጥም እየዞረ ቤቱን ያሰበ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወታደር ያስቡት፤ የዓለም የመንገድ ንድፍ በእሱ መሰልቸት ላይ ነው የቆመው።

ከዚያ የወጣው ትልቁ ግኝት ጉዳት ከክብደት ጋር እኩል እንደማያድግ ነው። የአክስል ጭነት በእጥፍ ሲጨምር መንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ አሥራ ስድስት እጥፍ ይጠጋል። አንድ ከልክ በላይ የጫነ ተሳቢ አልፎ የሚሄድበትን ጥፋት ብዙ ሺህ ታክሲ ተሰብስቦ አያደርሰውም። ሌላው ግኝት ብዙ አይወራለትም፣ ለእኔ ግን ይበልጣል፦ መንገድ ተበላሽቷል የሚባለው መቼ ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ የሰጠው የሰው ዳኝነት ነው። ሰዎች ተሰባስበው በመኪና እየተጓዙ ለየመንገዱ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ሰጡ፤ መሐንዲሶቹ ከዚያ ስንጥቁን፣ የጎማ ቦዩንና ሸካራነቱን ለክተው ነጥቡን የሚተነብይ ቀመር አወጡ። ማንኛውም ግምገማ በስተመጨረሻ የተሳፋሪ ወገብ ላይ ነው የሚያርፈው።

ድክመቱም እዚያው ነው ያለው። አንድ ዓይነት የመሠረት አፈር፣ አንድ የአየር ጠባይ፣ ሁለት ዓመት። የኢሊኖይ መሬት በክረምት በረዶ ሆኖ ይጠነክራል፣ በጸደይ ሲቀልጥ ይልፈሰፈሳል፤ ብዙዎቹ ክፍሎች የፈረሱትም በዚያ የመቅለጫ ወቅት ነው። ከዚያ የወጣውን ቀመር በረዶ ላልነካው፣ ግን በሐምሌና ነሐሴ ለሚያብጥ ምድር መጠቀም ብዙ አገሮች የከፈሉበት ድፍረት ነው። ለዚህም ነው ስለ አዲስ ምርት የቀረበ ዘገባ ላይ «የት?» የሚለው ጥያቄ «ስንት?» ከሚለው የሚቀድመው።

ሁለት ዓመትና 27 ሚሊዮን ዶላር ለእያንዳንዱ ጀሪካን አይወጣም። ስለዚህ መሐንዲሶች ጊዜን ማሳጠር ያዙ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ1970ዎቹ አንድ እንደ ድልድይ የረዘመ ማሽን ተሠራ፤ በሆዱ የታቀፈውን የመኪና ጎማ በጥቂት ሜትር መንገድ ላይ ወዲያና ወዲህ ቀንና ሌሊት ያመላልሰዋል፣ ሲፈለግ ከመደበኛው እጅግ የከበደ ጭነት ይጭንበታል። ማሽኑ ወደ ተሠራ መንገድ ይጎተታል እንጂ መንገዱ ወደ እሱ አይመጣም፤ ዋና ብልሃቱም ይህ ነው። የብዙ ዓመት ትራፊክ በወራት ውስጥ ይጠናቀቃል። ካሊፎርኒያ በ1990ዎቹ ይህን የአፍሪካ ማሽን ገዝታ ወስዳለች፤ ዕውቀት ሁሌ ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው የሚወርደው ለሚል ሰው ማስታወስ ደስ ይለኛል። ፈረንሳዮች በበኩላቸው ናንት ከተማ አጠገብ አራት ክንድ ያለው ግዙፍ ተሽከርካሪ አቆሙ፤ ክንዶቹ ጎማ ታጥቀው በሰዓት እስከ 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በክብ መንገድ ላይ ይዞራሉ።

የማሽኖቹ ችግር ጎማን እንጂ ዓመታትን ማፋጠን አለመቻላቸው ነው። ሬንጅ የሚያረጀው በፀሐይና በኦክስጅን ነው፤ በወራት ውስጥ ሚሊዮን ጎማ ቢያልፍበትም የአሥር ዓመት ፀሐይ አልመታውም። የመረሬ አፈር እብጠትና ስንጥቅም በዓመት አንዴ ነው የሚመላለሰው። በአላባማ፣ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው የሙከራ መንገድ በሁለቱ መሀል ይቆማል። 2.7 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሞላላ መንገድ ነው፤ በ2000 ተከፈተ። በውስጡ እያንዳንዳቸው 60 ሜትር አካባቢ የሆኑ 46 ክፍሎች አሉ፤ ባለብዙ ተሳቢ መኪኖች በሁለት ዓመት ውስጥ 10 ሚሊዮን የመደበኛ አክስል ጭነት ያሳልፉባቸዋል። ሁሉም ክፍሎች ያው ፀሐይ ያገኛቸዋል፣ ያው ዝናብ ይመታቸዋል፣ ያው መኪና ይሄድባቸዋል። አንዱ ቀድሞ ከተሰነጠቀ ሰበብ የሚሆን ነገር አይገኝም።

ስለ ፕላስቲክ መንገድ የሚወራውን ለመዳኘት የተጠቀሙትም በዚህ ነው። በሕንድ ማዱራይ ከተማ ራጃጎፓላን ቫሱዴቫን የተባሉ የኬሚስትሪ መምህር በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተቆራረጠ ፌስታል በጋለ ጠጠር ላይ አቅልጠው፣ ከዚያ ሬንጅ ጨምረው አስፋልት ሠሩ። ሐሳቡ ተወደደ፤ የሕንድ መንግሥት በ2015 የቆሻሻ ፕላስቲክን በመንገድ ሥራ መጠቀምን እስከ ማዘዝ ደረሰ። የአላባማው የሙከራ መንገድ በ2021 በጀመረው ዙር ፕላስቲክን በደረቅና በእርጥብ ስልት፣ የተፈጨ ጎማን፣ ክርን ጎን ለጎን አነጠፈ። እዚህ ላይ የማነጻጸሪያው ምርጫ ልብ ይባል። ሻጭ ቢመርጥ ምርቱን ከተራ አስፋልት ጋር ነበር የሚያወዳድረው። ገምጋሚዎቹ ግን ማነጻጸሪያ ያደረጉት በፖሊመር የተሻሻለ ሬንጅ ያለበትን፣ መሐንዲሶች ዛሬም የሚያምኑትን አስፋልት ነው። ገዢው የሚያወጣው ተጨማሪ ገንዘብ ከዚህኛው ጋር ነውና የሚፎካከረው፣ ውድድሩም ከዚህኛው ጋር መሆን አለበት።

ገለልተኛ ስንል ግን ከማን? የአላባማውን ተቋም በ1986 ከኦበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ያቋቋመው የአስፋልት አምራቾች ማኅበር ነው። የእያንዳንዱን ክፍል ወጪ የሚሸፍነው ያ ክፍል እንዲሠራ የጠየቀው ወገን ነው። የአሜሪካ ክፍለ ሀገራት በ1994 በጋራ ያቋቋሙት፣ የመንገድ ቀለምንና ጂኦቴክስታይልን የሚፈትሸው መርሐ ግብርም ከአምራቾች ክፍያ ይሰበስባል። ከኢንዱስትሪው ሳንቲም ያልነካው ገምጋሚ ይፈለግ ከተባለ ሥራው ሳይጀመር ይቀራል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ክፍሎቹን ማን መረጠ? ቁጥሩ በማን እጅ ነው? ከሁሉ በላይ፣ የከፈለው ሰው ውጤቱ ሲከፋበት ማስቀረት ይችላል ወይ? መልሱ «አይችልም» ከሆነ የገንዘቡ ምንጭ ብዙም አያስጨንቀኝ።

የቀለሙ ፍተሻ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የየአምራቹ ቀለም እውነተኛ መኪና በሚያልፍበት አውራ ጎዳና ላይ፣ በመንገዱ ርዝመት ሳይሆን አግድም ይሰመራል፤ እያንዳንዱ ጎማ እንዲረግጠው። አንዱ የሙከራ ቦታ በሚኒሶታ በረዶና በረዶ ጠራጊ መኪና ሥር ነው፣ ሌላው በፍሎሪዳ ፀሐይ። ለሦስት ዓመት ያህል በሌሊት የሚያንጸባርቀው ብርሃንና የቀረው ቀለም ይለካል። ከዚያ መርሐ ግብሩ ቁጥሩን ለሁሉም ክፍት አድርጎ ያስቀምጣል እንጂ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» አይልም። መጀመሪያ ሳነበው ከኃላፊነት መሸሽ መስሎኝ ነበር፤ ትክክል መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። በፍሎሪዳ የሚበቃ ቀለም ሚኒሶታ ላይ ላይበቃ ይችላል፤ ፍርዱ የገዢው ነው፣ ማስረጃው ግን የጋራ ነው።

ይህ ሁሉ ሲታለፍ ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ ኖርማንዲ ጎራ እንበል። በታኅሣሥ 2016 የፈረንሳይ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር ሴጎሌን ሯያል ቱሩቭር በተባለች መንደር አንድ ኪሎ ሜትር የሶላር መንገድ መረቁ። 2,800 ካሬ ሜትር የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሰሌዳ አስፋልቱ ላይ ተለጥፏል፤ ወጪው 5 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ 1,000 ኪሎ ሜትር እንደሚሠራ ሚኒስትሯ ቀደም ብለው ተናግረዋል። የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ጻፈ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ሰሌዳዎቹ በከባድ መኪናና በትራክተር ሥር ይሰነጠቁ ጀመር፣ የዛፍ ቅጠል ሸፈናቸው፣ ጩኸቱ የመንደሩን ሰው ስላስቸገረ የፍጥነት ወሰኑ ወደ 70 ወረደ። በ2018 መቶ ሜትር ያህሉ ሊጠገን ስላልቻለ ተነሣ። የሚያመነጨው ኃይልም ከተጠበቀው ግማሽ አካባቢ ሆነ። በ2019 አምራቹ ራሱ ምርቱ ከከተማ ከተማ ለሚያገናኝ መንገድ እንዳልበሰለ አመነ።

የሚገርመው ቀድሞ ሊታወቅ የሚችለው ብዛት ነው። ወደ ፀሐይ ያልዘነበለ ሰሌዳ ከዘነበለው ያነሰ ኃይል እንደሚሰጥ የጣሪያ ሶላር የሚገጥም ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል፤ ኖርማንዲም በፀሐይ የምትታወቅ አገር አይደለችም። ሰሌዳው በጎማ ሥር ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ለማየት ደግሞ አገሪቱ ናንት ላይ ያ ባለአራት ክንድ ማሽን አላት። ችግሩ ቴክኖሎጂው ደፋር መሆኑ አልነበረም፤ ድፍረትማ ያስፈልጋል። ማሳያና ሙከራ ተምታቱ። ማሳያ የሚሠራው እንዲሳካ ነው፣ ቦታውም ካሜራ የሚደርስበት ነው። ሙከራ እንዲወድቅ ተፈቅዶለት ይጀመራል፤ የሚወድቅበት ነጥብ አስቀድሞ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ከጎኑ ስሙን የማያስጠራ ተራ አስፋልት ይነጠፋል። ሚኒስትር ሪባን የቆረጠለት ነገር መውደቅ አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ሲወድቅ ከሚያስፈልገው በላይ ሰፊ ሆኖ ነው የሚወድቀው።

እስካሁን ያወራነው ሻጭ ስላለው ምርት ነው። ሻጭ የሌለውስ? በስምጥ ሸለቆአችን ዙሪያ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ የተፋቸው ትንንሽ ኮረብቶች አሉ፤ በደብረ ዘይትና በቡታጅራ በኩል ያለፈ ሰው ጎናቸው ተቆርሶ ቀይና ጥቁር ሆነው አይቷቸዋል። ውስጣቸው ያለው ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት ጠጠር ነው፤ የመንገድ ሠራተኛው ቀይ አሽ ይለዋል። በአካፋ ይዛቃል፣ ድማሚት አይፈልግም፣ ከመንገዱ ዳር ነው። ከውጭ በመጣው ስፔሲፊኬሽን ሲለካ ግን ይወድቃል፦ እንክብሉ ደካማ ነው፣ ደቃቁ ያንሳል፣ ሲጠቀጥቁት አይተሳሰርም። ቪዲዮ ይዞ ቢሮ ለቢሮ የሚዞርለት የለም፣ ምክንያቱም ማንም አይነግድበትም። ለጀሪካን ፈሳሽ የሙከራ ወጪ የሚከፍል አምራች አለ፤ ለኮረብታ ግን ማን ይከፍላል?

በ1970ዎቹ የከፈለው መንግሥት ነው። የኢትዮጵያ አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከብሪታንያው የትራንስፖርትና የመንገድ ምርምር ላብራቶሪ ጋር ሆኖ ኮረብቶቹን አስሶ ናሙናቸውን መረመረ፤ በእውነተኛ መንገድ ላይም የሙከራ ክፍሎች አነጠፈ። ውጤቶቹ በ1980 እና በ1987 በአፍሪካ የአፈር መካኒክስ ጉባኤዎች ላይ ቀረቡ። ሐሳቡ የተራቀቀ አልነበረም፤ የጎደለው ደቃቅ ከሆነ ከአካባቢው ደቃቅ አፈር ይጨመርበት። ተጨመረበትና ጠጠሩ ተሳሰረ፣ የመሸከም አቅሙ አደገ፤ ትራፊኩ ቀላል በሆነ መንገድ ላይ ከካባ የሚመጣውን ውድ ድንጋይ ሊተካ እንደሚችል ታየ።

ከዚያ ጥናት ለሥራ የሚበጀው ትንሽ ነገር እንክብሉ በሮለር ሥር መሰባበሩ ነው። ላብራቶሪው እንደ ጉድለት የመዘገበው ድክመት በቦታው ላይ ደቃቅ እየፈጠረ ክፍተቱን ይሞላል። ከጉድጓዱ አፍ የተወሰደ ናሙናና ሮለር ካለፈ በኋላ ከመንገዱ ላይ የተወሰደ ናሙና በወንፊት ሲታዩ ሁለት የተለያዩ ጠጠሮች ይመስላሉ። ስለዚህ ቀይ አሽን ለመመዘን የሚወጣ የላብራቶሪ ባለሙያ ጆንያውን ይዞ መሄድ ያለበት ወደ ኮረብታው አይደለም፤ መንገዱ ዳር ሆኖ ሮለሩ ተመላልሶ እስኪጨርስ ይጠብቃል፣ ከዚያ ከጎማው መስመር ላይ ቆፍሮ ይወስዳል።